ጥፍር ለሚያህል ወንበር ቀበቶ መሥራት

መጀመሪያ በሠራሁት የአውሮፕላን ሞዴል ላይ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው የአብራሪው ወንበር ቀበቶ ነበር። በበጎ ግን አይደለም። ከወረቀት ቆርጬ፣ ቡናማ ቀብቼ፣ በሱፐር ግሉ ወንበሩ ላይ ለጠፍኩት። ልክ ቁስል ላይ እንደተደረገ ፕላስተር ደርቆ ቀረ። አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ እቤት መጥተው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ዘለበቱን አሳምረኸዋል። ግን ይሄ ቀበቶ ክብደት የለውም» አሉኝ።

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«ሰው የሌለበት ወንበር ላይ ቀበቶ ይወድቃል። ያንተ ተለጥፏል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበቶ ስሠራ የማስበው ስለ ክብደት ነው። ዘለበቱ ትንሽ ቢጣመም ማንም አያይባችሁም። ቀበቶው ወንበሩ ላይ ካልተዘረፈጠ ግን ሁሉም ያይባችኋል፣ ምን እንዳየ ባያውቅም።

ለምሳሌ የማቀርበው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ፒ-51ዲ ሙስታንግ የተባለውን የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ስኬሉ 1/48፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ። ጅራቱ ቀይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጣሊያን ራሚቴሊ እየተነሱ ይዋጉ የነበሩት፣ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ባለችው ቱስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች፣ የ332ኛው ተዋጊ ቡድን ማለት ነው፣ ጅራት የሚቀቡት እንደዚህ ነበር። ለእኛም ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1935 መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ያበረረው ጆን ሮቢንሰን የተማረው እዚያው ቱስኪጊ ነበር። ለማንኛውም ወደ ወንበሩ እንመለስ።

ከመቁረጥ በፊት ማየት

የሙስታንግ ወንበር ጎድጓዳ ነው። ምክንያቱም አብራሪው የሚቀመጠው ፓራሹቱ ላይ ነው፤ ፓራሹቱ እንደ ትራስ ጉድጓዱን ይሞላዋል። አብራሪው ሲወርድ ፓራሹቱም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ባዶ ወንበር ላይ ያለ ቀበቶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ይህን አንድ ነገር ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ቀበቶዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ የወገብ ናቸው፤ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ይነሳሉ። ሁለቱ የትከሻ ናቸው፤ ከወንበሩ ጀርባ ተነስተው በመደገፊያው አናት ላይ አልፈው ወደ ፊት ይወርዳሉ። የትከሻዎቹ ጫፍ ላይ ማጥለቂያ አለ። እሱ የወገቡ ቀበቶ መቆለፊያ ላይ ይገባና አንድ ማንሻ ሁሉንም አንድ ላይ ይዘጋል። አብራሪው መውጣት ሲፈልግ ያችኑ ማንሻ ብቻ ይስባል። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አራቱም መሃል ላይ የሚገናኙ ከሆነ፣ ሲፈቱም መሃል አካባቢ ነው የሚወድቁት። አንዱን ወደ ሰሜን፣ ሌላውን ወደ ደቡብ መወርወር አያስኬድም።

አሁን ልክ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ የወገብ ቀበቶ ስፋት 3 ኢንች ነው፤ 76 ሚሊ ሜትር። የትከሻው 1¾ ኢንች፣ ማለትም 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ48 ስናካፍለው የወገቡ 1.6፣ የትከሻው 0.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስኬላችሁ 1/32 ከሆነ 2.4 እና 1.4 ነው። 1/72 ላይ 1.1 እና 0.6 ይሆናል። የወገቡና የትከሻው ስፋት እንደሚለያይ ልብ በሉ። ብዙ ሰው አራቱንም እኩል ይቆርጣቸዋል፤ እኔም ቆርጫለሁ።

ከስፋቱ የበለጠ የሚረሳው ውፍረት ነው። እውነተኛው ጥብጣብ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ለ48 ሲካፈል 0.04 ነው። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። በ48 አባዙት፤ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ያ የመጀመሪያው ቀበቶዬ እንደ ጣውላ የቆመው ለዚህ ነበር። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ደግሞ አንዱ ንብርብር 0.016 አካባቢ ነው። ሁለት ብታጣብቁት ከኮላው ጋር 0.04 ላይ ያርፋል። የፈለግነው እሱን ነው፤ ኩሽና ውስጥ ተቀምጧል።

ፎይሉን ማዘጋጀት

መዳፍ የሚያህል ፎይል ቁረጡ። መስታወት ላይ አንጥፉትና በማንኪያ ጀርባ አለስልሱት። የተጨማደደ ከሆነ ጣሉት፤ ያ ጭምድድ አይጠፋም። ነጩን የእንጨት ኮላ ውሃ ጨምሩበትና እንደ ወተት አቅጥኑት። በብሩሽ ግማሹን ፎይል ቀቡ፣ ሌላውን ግማሽ እጠፉበት። ከመሃል ወደ ዳር በጣት እየገፋችሁ አየሩንና ትርፉን ኮላ አስወጡ። ወፍራም መጽሐፍ ጫኑበትና እስከ ነገ ተዉት። መሃል ላይ የቀረ ኮላ ቶሎ አይደርቅም። ቸኩላችሁ ከቆረጣችሁት ንብርብሩ ይላቀቃል።

ለምን ፎይል? ብረት ስለሆነ ያጠፋችሁትን ቅርጽ ይይዛል። ወረቀት ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፕላስተርም እንዲሁ፤ ዛሬ ጎንበስ ያለው ከሳምንት በኋላ ቀና ብሎ ይጠብቃችኋል። አሮጌ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አንገት ላይ ያለው ለስላሳ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ፎይል ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ትቼዋለሁ። እርሳስ መርዝ ነው፤ እቤት ልጆች አሉ።

ፎይሉን የምቀባው ሳልቆርጠው ነው። እንደ ጸጉር የቀጠነውን ቁራጭ ይዞ በብሩሽ መታገል ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው መሠረት፣ በስፕሬይ፣ በስሱ። ፕራይመር ሳይኖር ብረት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ቀለም በጥፍር ይላጣል። ከዚያ ዋናው ቀለም። የዚያ ዘመን የጥጥ ቀበቶዎች ከነጣ ክሬም እስከ አሸዋማ ቡናማ፣ አንዳንዶቹም ወይራማ አረንጓዴ ነበሩ። እኔ ክሬሙን እመርጣለሁ፣ ጨለም ባለው ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ይታያል። ንጹህ ነጭ ግን እንዳትጠቀሙ። አዲስ ጋቢን አታስቡ፤ ሁለት ክረምት የተለበሰ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢን አስቡ። ነጭ ላይ ጠብታ ቡናማና ጠብታ ቢጫ ስትጨምሩ ይመጣል።

የሽመናውን ድርና ማግ እናሳይ የሚሉ አሉ። ፎይሉን ስቶኪንግ ላይ አድርጎ በማንኪያ መጫን ይቻላል፤ 1/32 ላይ ሲሞከር አይከፋም። 1/48 ላይ ግን ቀበቶው ጆንያ ይመስላል። እዚህ መጠን ላይ ደብዛዛ ቀለም ብቻውን ጨርቅ ይመስላል።

ሁለት ምላጭና የኤቲኤም ካርድ

0.9 ሚሊ ሜትር በማስመሪያና በዓይን መቁረጥ አይቻልም። ቢቻልም ሁለቱ እኩል አይወጡም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ፈልጉ። የባንክ ካርድ የየትም አገር ቢሆን 0.76 ሚሊ ሜትር ነው የሚወፍረው፤ ዓለም አቀፍ ልክ ነው። ሁለት ፊት ያለውን የጺም ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብራችሁ ሁለት ግማሽ አድርጉ። የተራ ምላጭ ውፍረት 0.1 ነው። ሁለቱን ምላጮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መሃላቸው ሁለት የካርድ ቁራጭ አስገቡ። ስለታቸው እኩል ወደ ውጭ ይውጣ። በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። በሁለቱ ስለቶች መካከል ያለው ርቀት 1.62 ይሆናል። ይሄ የወገብ ቀበቶ ነው። ለትከሻው አንድ ካርድና አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ብቻ አስገቡ፤ 0.96 ይመጣል። መጀመሪያ ሳሰላው ራሴም አላመንኩም፤ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዤ ደጋግሜ ለካሁት።

ስትቆርጡ ፎይሉ መስታወት ላይ ይሁን። ካርቶን ላይ ከሆነ ስለቱ ሰምጦ የፎይሉን ጠርዝ ያጥፈዋል። የብረት ማስመሪያ አስደግፉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጫኑ ሳቡ። ምላጩ ከያዘው አስለቅቁትና ሌላ ቦታ ጀምሩ። አራት ቀበቶ ስለምትፈልጉ አሥር ቁረጡ። ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ሁለቱ ይቀደዳሉ፣ አንዱን ታስነጥሱበታላችሁ። ምላጩን በፒንሳ ካልሆነ በባዶ እጅ አትስበሩት፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የፎይሉ ብርማ ቀለም ብልጭ ይላል። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ቀለም ነክታችሁ ጠርዙን አስኪዱበት። ይህን ሥራ መዝለል ያጓጓል። ብትዘሉት ግን መብራት ባረፈበት ቁጥር ያሳጣችኋል።

ዘለበት

ገበያ ላይ በኬሚካል ከናስ የተቆረጡ የተዘጋጁ ዘለበቶች አሉ። ካገኛችሁና ዋጋው ካልከበዳችሁ ግዙ። የናሱን ቀበቶ ጥላችሁ ዘለበቱን ብቻ ብትጠቀሙ ምርጫዬ ነው፤ የናስ ቀበቶ ግትር ስለሆነ እንዲተኛ አይፈልግም። እኔ የምሠራው ግን ከተበላሸ የቻርጀር ገመድ ነው።

የድሮ ዩኤስቢ ገመድ ቆዳውን ስትገፉት ብዙ ጊዜ ከውስጡ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ብርማ ቀለም ያለው ቀጭን ሽቦ ይወጣል። አንዱ ክር 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ48 ስታባዙት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የብረት ዘንግ ይሆናል፤ ለዘለበት ትክክል ነው። ብርማ ስለሆነ ቀለም አይፈልግም። የተራ መብራት ገመድ ሽቦ ግን ይወፍራል፣ መዳብ ስለሆነም መቀባት አለበት።

ከዚያው ካርድ ላይ 1.1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀጭን ዘንግ ቁረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ውፍረቱን ወደ ግማሽ አውርዱት። ለወገቡ ደግሞ 1.8 የሚሰፋ ሌላ። ዘንጉን በሻማ አሹት፤ ሽቦው ኋላ እንዲንሸራተት። አሁን ሽቦውን ዘንጉ ላይ አሥራ አምስት ዙር ጠምጥሙ። ዙሮቹ ተጠጋግተው፣ ሳይደራረቡ። በሰፊው ፊት መሃል ላይ ምላጭ አስኪዱና ጥቅልሉን በርዝመቱ ቁረጡ። ብዙ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቀለበቶች ይረግፋሉ፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ክፍት። ነጭ ሳህን ውስጥ አራግፏቸው። ምንጣፍ ላይ ከወደቀ አትፈልጉት፤ አታገኙትም።

ክፍተቱ ሰፊው ጎን ላይ እንዲሆን ያደረግነው አውቀን ነው። አንዱን ቀለበት በወረንጦ ያዙ፣ መስታወት ላይ በምላጭ ጠፍጣፋ ጎን ጫን አድርጉት፣ ክፍተቱን ግጠሙት። ከዚያ የቀበቶውን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ፣ ክፍተቱ በነበረበት ጎን ዙሪያ አሾልኩትና 2 ሚሊ ሜትር ያህል መልሳችሁ እጠፉት። እጥፋቱ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ከስር ነጥብ ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ፤ አበቃ። በጠርሙሱ አፍ በቀጥታ አታፍስሱ፤ ዘለበቱ ኳስ ይሆናል።

የትከሻው ቀበቶ መሃሉ ላይ ማጠበቂያ ዘለበት አለው። ለእሱ ያው ቀለበት ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ አጭር ሽቦ በአግድም ጣሉበትና በኮላ ያዙት። የወገቡ መቆለፊያ ደግሞ ሰሌዳ ነው። ምግብ የሚታሸግበትን የአልሙኒየም ሳህን ታውቁታላችሁ፤ ከመጠቅለያው ፎይል ይወፍራል። ከሱ 1.8 በ2 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ቁረጡ፣ ላዩ ላይ አንድ ጠባብ ምላስ ለጥፉ። ያ ማንሻው ነው። ጫፉን በትንሹ ቀና አድርጉት። ተከፍቶ የተተወ ይመስላል።

ማስተኛት

እስካሁን ያለው የእጅ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የዓይን ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ ጨርሱ።

ወንበሩን ኮክፒቱ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሥሩት። ጀርባውን በፕላስተር እንጨት ላይ አጣብቁት፣ እንደ ፈለጋችሁ እንድታዞሩት። መጀመሪያ ከተራ ወረቀት ቀበቶ ቆርጣችሁ ርዝመቱን ለኩ። የወገቡ አንድ ጎን 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ትንሽ አስረዝሙት።

ከወገቡ ጀምሩ። የቀበቶውን መነሻ ወንበሩ ጎን ላይ በነጥብ ሱፐር ግሉ ያዙትና እስኪይዝ ጠብቁ። ከዚያ ነው ቀበቶው ራሱ የሚሠራው። በወረንጦ ከጎኑ አንሱት፣ የወንበሩ ጠርዝ ላይ እንዲታጠፍ አድርጉት፣ ወደ ጉድጓዱ ልቀቁት። በእርጥብ ስቴኪኒ ጫፍ እየነካካችሁ ወደ ታች ግፉት። ቀበቶው የሚነካው ነገር ሁሉ ላይ መተኛት አለበት። ጠርዝ ካለ ጠርዙ ላይ ይታጠፋል። ወለል ካለ ወለሉ ላይ ይዘረጋል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ክፍል ካለ፣ ለምን ተንጠለጠለ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላችሁ አውርዱት።

አሁን አንዲት ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። የመኪናችሁን ቀበቶ ፍቱና ወንበሩ ላይ ጣሉት። ብረቱ ይቀድማል። ጨርቁ የብረቱን ክብደት ተከትሎ ይሄዳል፣ ጥቂት ቀደም ብሎም አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ይላል። ያቺ ግማሽ ዙር ጠምዛዛ ናት ሚስጥሩ። ከአራቱ ቀበቶዎች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ከዘለበቱ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላችሁ በሁለት ወረንጦ ያዙና ግማሽ ዙር አዙሩት። ስለታም መታጠፊያ አይሁን፤ ጨርቅ ይጠመዘዛል እንጂ እንደ ቆርቆሮ አይሰበርም። ከዚያ ዘለበቱን ወደ ታች ተጫኑት። ዘለበቱ ከሁሉ በታች ካልሆነ ቀበቶው ክብደት የለውም፤ ጋሼ ያሉኝ ይህንን ነበር።

የትከሻዎቹ ይከተላሉ። ከመደገፊያው ጀርባ ያዙ፣ አናቱ ላይ አሳልፉ፣ ወደ ፊት ልቀቁ። አናቱ ላይ ጥብቅ ብለው ይታጠፉ፤ ክብደታቸው እየጎተታቸው ነው። ከታች ግን ይላላሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ርዝመትና አንድ ዓይነት አቅጣጫ እንዲኖራቸው አትድከሙ። አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቅለል፣ አንዱ የወንበሩ ጎን ላይ ይንጠልጠል። ጫፋቸውን በቀጭን ነጭ ኮላ ያዙ፤ ሱፐር ግሉ እዚህ ላይ አያስፈልግም። ነጩ ኮላ ቀስ ብሎ ስለሚይዝ ሐሳባችሁን ለመቀየር ጊዜ ይሰጣችኋል።

አብራሪ የምታስቀምጡ ከሆነ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ቀበቶው ሰውነቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጠምዛዛም ልላትም የለም። ትከሻው ላይ ጃኬቱን ትንሽ የተጫነው እንዲመስል ከጎንና ጎኑ ቀጭን ጥላ ቀቡ።

ማቆሸሽ

ሲታጠፍ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ይኖራል። በቀጭን ብሩሽ ደግማችሁ ቀቡት። ከዚያ ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥናችሁ፣ ቆሻሻ ውሃ እስኪመስል ድረስ፣ ዘለበቶቹ ዙሪያና እጥፋቶቹ ውስጥ ብቻ አንጠብጥቡ። ሲደርቅ የክሬሙን ቀለም ትንሽ አንጥታችሁ፣ ብሩሹን ሶፍት ላይ ጠርጋችሁ፣ ደረቁን በእጥፋቶቹ ጫፍ ላይ ዳሰስ አድርጉት። ስፌቱን በጣም በሾለ የመጻፊያ እርሳስ ሥሩት፤ ዘለበቱ አጠገብ አንድ ትንሽ ካሬ፣ ውስጡ ኤክስ። በመርፌ መውጋት ለ1/32 ይሁን። በመጨረሻ ደብዛዛ ቫርኒሽ በጨርቁ ላይ ብቻ ቀቡ፤ ዘለበቱን አትንኩት፣ እሱ ያብራ።

ወንበሩን ካስገባችሁ በኋላ ግልጹን የኮክፒት ሽፋን ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት የተዘጋ ቦታ ካገኘ ንጹሁን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ኮክፒት በዚሁ ጉም ሸፍኜዋለሁ፤ ሽፋኑን ለመለጠፍ አንድ ሌሊት አልጠበቅኩም። አሁን እስከ ማግስቱ ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። ሽፋኑንም የምለጥፈው በነጩ ኮላ ነው።

ቀዩን ጅራት ሙስታንግ የጨረስኩት ሽፋኑን ወደ ኋላ ከፍቼ ነው። አንደኛውን የትከሻ ቀበቶ አስረዝሜ ቆርጬ የኮክፒቱ ጠርዝ ላይ አሳለፍኩት፤ ዘለበቱ ክንፉ በኩል በውጭ ተንጠለጠለ። መካኒክ አብራሪው ቀበቶው ላይ እንዳይቀመጥበት ወደ ውጭ ያወጣው ይመስላል። ጋሼ ሲያዩት ምንም አላሉም። ትንሿን ጣታቸውን ሰደው ዘለበቱን ሊያነሱት ሞከሩ።